የነጥብ ቁጥር በኮምፒዩተር ሲመዛዘን ሹም ሊያውቀው ስለሚገባው ነገር

በየወረዳው የዘርና የማዳበሪያ ዕደላ፣ የእህል ዕዳና የአፈር ምርመራ ውጤት ቀድሞ በብዕር በመዝገብ ይጻፍ ነበር፤ አሁን ግን በብዙ ሥፍራ በኮምፒዩተር ይጻፋል። ኮምፒዩተርም ቁጥሩን ተቀብሎ በማስቀመጥ ብቻ አያበቃም። «ይህ ሰው ዕዳውን ከፍሏልን? ይህ መሬት ኖራ ያስፈልገዋልን?» ተብሎ ሲጠየቅ ፍርድ ይሰጣል። ፍርዱን የሚሰጠው ግን ከራሱ አእምሮ አመንጭቶ አይደለም፤ ጸሐፊ አስቀድሞ በጻፈለት ደንብ ነው። በዚያ ፍርድ ላይ ሹም ፊርማውንና ማኅተሙን ካኖረበት በኋላ ፍርዱ የመኪናው መሆኑ ቀርቶ የሹሙ ይሆናል። ስለዚህ ገዥዎችና የወረዳ ሹማምንት፤ የመሬት ባለይዞታዎችም፤ ፕሮግራም መጻፍ ባይጠበቅባቸውም እንኳ ደንቡ በወሰን ላይ ለቆመው ሰው እንዴት እንደሚፈርድ ማወቅ ይገባቸዋል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ የፕሮግራም መሠረት የተማሩ ወጣቶች በየአገሩ እየበዙ ናቸው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በወረዳ ጽሕፈት ቤትና በኅብረት ሥራ ማኅበር ለሚሠራው ሥራ ትንንሽ ፕሮግራም ይጽፋሉ። ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከልበት አንድ ሥፍራ አለ። እርሱም በነጥብ የሚጻፈውን ቁጥር፣ ይኸውም ዐሥርዮሽ የሚባለውን፣ ከሌላ ቁጥር ጋር ማመዛዘን ነው።

ደንቡ እንዴት እንደሚፈርድ

ተማሪ በመጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ «ቢሆን» እና «ባይሆን» የሚለው ደንብ ነው። ጊዶ ቫን ሮሱም የተባለው የሆላንድ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ባወጣው፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ «ቢሆን» የሚለው ኢፍ፤ «ባይሆን» የሚለው ኤልስ ይባላል። ደንቡ ሁለት ክፍል አለው፤ ፊተኛው ጥያቄ፣ ኋለኛው ትእዛዝ ነው። የጥያቄው መልስ «አዎን» ወይም «አይደለም» ብቻ ነው፤ ሦስተኛ መልስ የለውም። መልሱ አዎን ቢሆን ኮምፒዩተሩ በኢፍ ሥር የተጻፈውን ይፈጽማል፤ ባይሆን በኤልስ ሥር የተጻፈውን ይፈጽማል።

ጥያቄውም ቁጥርን ከቁጥር የሚያመዛዝን ሲሆን «ያንሳል»፣ «ይበልጣል»፣ «አያንስም»፣ «አይበልጥም»፣ «እኩል ነው» በሚሉት ምልክቶች ይጻፋል። «ከ1 ይበልጣልን?» እና «ከ1 አያንስምን?» የሚሉት ሁለቱ ጥያቄዎች ለችኩል አንባቢ አንድ ይመስላሉ። የሚለያዩትም በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ ልክ በ1 ላይ በቆመው ሰው። በፊተኛው ጥያቄ ያ ሰው ይወድቃል፤ በኋለኛው ያልፋል።

እንዲህ ያለው ደንብ ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ዓመተ ምሕረቱ በ5500 ላይ ተደምሮ ለ19 ሲካፈል ከቀሪው 1 ይቀነሳል፤ ያም ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው መጥቅዕ ይባላል፤ ምንም ባይቀር 30 ተብሎ ይያዛል። ከዚህ በኋላ ደንቡ «መጥቅዕ ከ14 ቢበልጥ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፤ ከ14 ቢያንስ በጥቅምት ይውላል» ይላል። ለምሳሌ የ2018 ዓ.ም. ወንበር 12፣ መጥቅዑም 18 ስለ ሆነ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይሆናል። የ2019 ዓ.ም. ወንበር 13፣ መጥቅዑም 7 ስለ ሆነ ጥቅምት 7 ይሆናል።

አስተዋይ ሰው «መጥቅዕ ራሱ 14 ቢሆንስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ደንቡ ስለዚህ ምንም አይናገርም፤ ዝም ማለቱ ግን ጉድለት አይደለም። በ19ኙ ወንበሮች የሚገኙት መጥቅዖች 30፣ 19፣ 8፣ 27፣ 16፣ 5፣ 24፣ 13፣ 2፣ 21፣ 10፣ 29፣ 18፣ 7፣ 26፣ 15፣ 4፣ 23 እና 12 ናቸው። 13 አለ፤ 15ም አለ፤ 14 ግን ከቶ አይገኝም። ሊቃውንቱ የድንበሩን ድንጋይ ማንም በማይቆምበት ሥፍራ ተክለውታል፤ ስለዚህ በድንበሩ ላይ ክርክር አይነሣም።

በእርሻ ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። እህል ይመዘናል፤ መሬት ይለካል፤ የአፈር ጠባይ በመሣሪያ ይነበባል። ከሚመዘነውና ከሚለካው መካከል በድንበሩ ላይ የሚወድቅ ሁልጊዜ አይጠፋም። ቁጥሩም በነጥብ የሚጻፍ ሲሆን ሌላ ችግር ይጨመርበታል።

የዐሥር አርብ እህል

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ አርብ ገበያ ናት፤ የገበያዋን ቀን ስሟ ራሱ ይናገራል። አንድ ገበሬ ከኅብረት ሥራ ማኅበር 1 ኩንታል የስንዴ ዘር ተበድሮ ዕዳውን በዓይነቱ ለመመለስ ተስማማ እንበል። አህያ የለውምና በየአርቡ 10 ኪሎ እየተሸከመ ለዐሥር አርብ ያመጣል። ጸሐፊው ሚዛኑን አይቶ በኩንታል ቈጥሮ በየጊዜው 0.1 እያለ ወደ ኮምፒዩተሩ ያገባል። በኮምፒዩተሩም የተጻፈው ደንብ እንዲህ የሚል ነው፤

«ድምሩ ከ1 የማያንስ ቢሆን፤ ዕዳው ተከፍሏል ብለህ ጻፍ።
ባይሆን፤ ዕዳ ቀርቶበታል ብለህ ጻፍ።»

ዐሥር ጊዜ 0.1 በሕፃን ሒሳብ እንኳ 1 ነው። ፓይተን ግን 0.1ን ዐሥር ጊዜ አንድ በአንድ ሲደምር የሚያገኘው 0.9999999999999999 ነው። ይህም ከ1 ያንሳል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ገበሬው የመጨረሻዋን ፍሬ ካስረከበ በኋላ «ዕዳ ቀርቶበታል» ብሎ ይጽፋል።

ከዚህም የሚከፋው ስሕተቱ ለዓይን የተሰወረ መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ ከነጥቡ በኋላ ሁለት ቁጥር ብቻ እንዲያትም ታዝዞ እንደ ሆነ በወረቀቱ ላይ «1.00 ኩንታል» ብሎ ያትማል፤ ከጎኑም «ዕዳ ቀርቶበታል» ይላል። ገበሬው ሙሉ መክፈሉን ያውቃል፤ ጸሐፊውም ቁጥሩን ሙሉ ሆኖ ያየዋል፤ ነገር ግን ሁለቱም የመኪናውን ፍርድ ምክንያት ሊያገኙት አይችሉም። በዚህ ጊዜ «ኮምፒዩተሩ ብሏል» የሚለው ቃል በድኻ ላይ ይከብዳል።

ስሕተቱ ወደ ሌላውም ወገን ያደላል። ለአንድ ቤተ ሰብ ከ0.3 ኩንታል የማይበልጥ ማዳበሪያ እንዲሰጥ ደንብ ቢወጣና ሦስት ጊዜ 0.1 ኩንታል ቢወስድ፣ ኮምፒዩተሩ ድምሩን 0.30000000000000004 ብሎ ያገኘዋል። ይህም ከ0.3 ይበልጣልና «ከተፈቀደለት በላይ ወስዷል» ብሎ ይከስሰዋል። አንዱ ሳያጐድል ባለዕዳ፣ ሌላው ሳይተርፈው ተላላፊ ይባላል።

ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ

መኪናው ተበላሽቶ አይደለም፤ ጸሐፊውም ቁጥር አላሳሳተም። ምክንያቱ ኮምፒዩተር ቁጥርን የሚይዝበት መንገድ ከሰው መንገድ የተለየ መሆኑ ነው። ሰው በዐሥር ጣቱ ቈጥሮ ክፍልፋዩንም ለዐሥር፣ ለመቶ፣ ለሺህ ይከፍላል። ኮምፒዩተር ግን ሁለት ምልክት ብቻ፣ ይኸውም 0 እና 1፣ ስላለው ሁሉን በግማሽ በግማሽ ይከፍላል። የቀድሞው የምኒልክ ብር አላድና ሩብ እየተባለ በግማሽና በግማሽ ግማሽ ይመነዘር እንደ ነበረ፣ ኮምፒዩተርም ግማሽን፣ ሩብን፣ ስምንተኛን ያለ ጉድለት ይይዛል። ስለዚህ 0.5፣ 0.25 እና 0.125 በእርሱ ዘንድ ፍጹም ናቸው።

ዐሥረኛው እጅ ግን ከግማሽ ግማሽ ተሰብስቦ አይገኝም። ዐሥራ ስድስተኛውና ሠላሳ ሁለተኛው እጅ ቢደመር 0.09375 ይሆናል፤ ገና ይጐድላል። በዚህ ላይ 256ኛውና 512ኛው እጅ ቢጨመር 0.099609375 ይሆናል፤ አሁንም ይጐድላል። እንዲህ እያለ ወደ ዐሥረኛው ይቀርባል እንጂ ከቶ አይደርስም። ይህም እኛ ሲሶን በነጥብ ስንጽፍ 0.333 እያልን እንደማንጨርሰው ያለ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 በወጣው ዓለም አቀፍ ልክ መሠረት፣ በዛሬው ኮምፒዩተር የነጥብ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በ64 ሥፍራ ነው። ሥፍራው የተወሰነ ስለ ሆነ የማያልቀው ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ተቈርጦ በአቅራቢያው ባለው ቁጥር ይተካል። በእያንዳንዱም ድምር እንደገና ይቈረጣል። አንዱ ቍራጭ ከምንም አይቈጠርም፤ ነገር ግን ቍራጮቹ ይከማቻሉ።

ክምችቱ ትንሽ ነው ተብሎ እንዳይናቅ አንድ የታወቀ ነገር ይነገር። የካቲት 18 ቀን 1983 ዓ.ም. በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ በዳህራን የነበረው ፓትርዮት የተባለው የአሜሪካ ፀረ ሚሳይል መሣሪያ የመጣበትን የኢራቅ ሚሳይል ሳያቆመው ቀረ፤ 28 የአሜሪካ ወታደሮችም ሞቱ። መሣሪያው ጊዜን የሚቈጥረው በሴኮንድ ዐሥረኛ እጅ ነበር። የዐሥረኛውም እጅ በ24 ሥፍራ ተቈርጦ ተቀምጦ ነበር። መሣሪያው 100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ በመሥራቱ ስሕተቱ ተከማችቶ የሴኮንድ ሲሶ ያህል ደረሰ። በዚህች ቅጽበት ሚሳይሉ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ መሣሪያው የፈለገው በሌለበት ሥፍራ ሆነ።

መድኃኒቱ

ለዚህ ነገር ሦስት መድኃኒት አለ፤ ሦስቱም ለጀማሪ የማይከብዱ ናቸው።

አንደኛውና ከሁሉ የሚሻለው፣ ነጥቡን ማስቀረት ነው። እህሉ በኩንታል ተቈጥሮ 0.1 ከሚባል በኪሎ ተቈጥሮ 10 ይባል። ሙሉ ቁጥርን ኮምፒዩተር አያጐድልም፤ ዐሥር ጊዜ 10 ሁልጊዜ 100 ነው። ሚዛኑ ግማሽ ኪሎ የሚለይ እንደ ሆነ በግራም ይጻፍ። ገንዘብም በብርና በነጥብ ከሚጻፍ በሳንቲም ይጻፍ። ለሰው በሚሰጠው ወረቀት ላይ ብቻ ወደ ኩንታልና ወደ ብር ይመለስ። የልኩ ስም ግን፣ ኪሎ ይሁን ኩንታል፣ በመዝገቡ ራስ ላይ በግልጥ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ሌላ ስሕተት ይወለዳል።

ሁለተኛው፣ ነጥቡን ማስቀረት ባይቻል ለልዩነት መጠን መወሰን ነው። ሁለት የነጥብ ቁጥሮች «እኩል ናቸውን?» ተብሎ ከቶ አይጠየቅ፤ «ልዩነታቸው ከዚህ መጠን ያንሳልን?» ተብሎ ይጠየቅ። ለዚህም በፓይተን ኢዝክሎዝ የሚባል የተዘጋጀ መሣሪያ አለ። በዕዳው ምሳሌ ደንቡ «ድምሩ ከ1 የማያንስ ቢሆን፤ ወይም ከ1 የሚያንሰው በ0.0001 ወይም ከዚያ ባነሰ ቢሆን» ተብሎ ይጻፋል። የኩንታል 0.0001 ማለት 10 ግራም ነው። ይህ መጠን በእህል ገበያ ሚዛን ከሚታየው ልዩነት እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ ማንም አይጠቀምበትም፤ ከኮምፒዩተሩ ቍራጭ ግን እጅግ የበዛ ስለ ሆነ ስሕተቱን ይሸፍነዋል። መጠኑ የሚመረጠው እንዲህ ነው፤ ከሚዛኑ ልክ በታች፣ ከመኪናው ስሕተት በላይ።

ሦስተኛው፣ ዴሲማል የሚባለውን የፓይተን ክፍል መጠቀም ነው። ይህ ክፍል እንደ ሰው በዐሥር ይቈጥራል፤ ስለዚህ 0.1 በእርሱ ዘንድ ልክ 0.1 ነው። ነገር ግን ቁጥሩ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንደ ጽሕፈት ሆኖ መሰጠት አለበት። ያለ ጥቅስ የተሰጠው እንደ ሆነ አስቀድሞ የተቈረጠውን ይቀበላልና ስሕተቱ አብሮት ይገባል።

በሰንጠረዥ መካከል ስለሚቀረው ክፍተት

የድንበር ችግር በእህል ብቻ አይደለም። የአፈር አሲድነት ፒኤች በሚባል ልክ ይለካል፤ 7 መካከለኛው ሲሆን፣ ከዚያ በታች ያለው አሲዳማ ነው። በአንድ ደረጃ ዝቅ ማለት ዐሥር እጥፍ አሲድ መጨመር ስለ ሆነ ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር የሚናቅ አይደለም። ዝናም በሚበዛበት ደጋ ውሃው ካልሲየሙን አጥቦ ስለሚወስደው አፈሩ ወደ አሲድነት ያደላል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥርን ይጐዳል፤ ገብስና ባቄላም ይቀጭጫሉ። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ የኖራውም መጠን በአፈሩ ምርመራ ይወሰናል።

የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት በሚጠቀምበት ሰንጠረዥ ከ4.5 እስከ 5.0 ያለው አፈር «እጅግ ብርቱ አሲዳማ»፤ ከ5.1 እስከ 5.5 ያለው «ብርቱ አሲዳማ» ይባላል። ሰንጠረዡ የተዘጋጀው ከነጥብ በኋላ አንድ ቁጥር ብቻ ለሚጻፍ ልክ ነው። መሣሪያው ግን ሁለት ቁጥር የሚያነብ ሆኖ 5.05 ቢል፣ ይህ አፈር ከፊተኛው ክፍል አይደለም፤ ከኋለኛውም አይደለም። ጀማሪ ሰንጠረዡን እንዳለ ወደ ፕሮግራም ገልብጦት እንደ ሆነ ያ መሬት በክፍተቱ ወድቆ በመጨረሻው «ባይሆን» ሥር ይገባል። በዚያም «ደኅና ነው» የሚል ቃል ተጽፎ ቢገኝ ኖራ የሚያሻው መሬት ያለ ኖራ ይቀራል።

ይህን ለመከላከል ደንቡ ከታች ወደ ላይ በተከታታይ ይጻፍ፤ በፓይተንም ኤሊፍ በሚባለው ቃል ይያያዛል። «ከ4.5 ያንሳልን? ባይሆን፤ ከ5.1 ያንሳልን? ባይሆን፤ ከ5.5 አይበልጥምን?» እየተባለ ሲጠየቅ ክፍተት አይኖርም፤ እያንዳንዱም መሬት አንድ ቦታ ብቻ ያገኛል። 5.05 ወደ ታችኛው ይግባ ወይስ ወደ ላይኛው የሚለው ነገር ግን የአፈር ዐዋቂ የሚመክርበት፣ ሹምም የሚወስነው ነው፤ ለጸሐፊው አጋጣሚ የሚተው አይደለም።

የጥያቄውም ቅደም ተከተል ይጠበቅ። አስቀድሞ «ከ5.5 ያንሳልን?» ተብሎ ቢጠየቅ 4.2 የሆነውም መሬት «አዎን» ብሎ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ ከእርሱ በኋላ የተጻፈው «ከ4.5 ያንሳልን?» የሚለው ጥያቄ አይደርሰውም፤ እጅግ የተጐዳው መሬትም በጥቂቱ ከተጐዳው ጋር አንድ ይሆናል።

ሹም ሊጠይቀው የሚገባው

ማንኛውም የዕዳ፣ የዕደላ ወይም የምርመራ ፕሮግራም በወረዳ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሹሙ ጸሐፊውን ጠርቶ እነዚህን ነገሮች ይጠይቅ።

ደንቡ በአማርኛ ተጽፎ ይቅረብለት፤ «ይበልጣል» ነው ወይስ «አያንስም» ነው የሚለውም በቃል ይነበብለት። ልኩ ሙሉ ቁጥር መሆኑን፣ ካልሆነም ለልዩነት የተወሰነው መጠን ምን ያህል እንደ ሆነ ይነገረው። ከዚያም ፕሮግራሙ በዓይኑ ፊት ይፈተን። ፈተናውም ከወሰኑ በታች ባለ ቁጥር፣ በወሰኑ ላይ ባለ ቁጥር፣ ከወሰኑም በላይ ባለ ቁጥር ይሁን። በመጨረሻም ወሰኑ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ ተደምሮ ሲሞላ ይታይ፤ ከላይ በተነገረው ምሳሌ 99 ኪሎ፣ 100 ኪሎና 101 ኪሎ፣ ደግሞም ዐሥር ጊዜ 10 ኪሎ ማለት ነው። ብዙ ጀማሪዎች ፊተኛውንና ኋለኛውን ይፈትናሉ፤ መካከለኛውንና የተከማቸውን ይረሳሉ። ስሕተቱ የሚያደባው ግን በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ኮምፒዩተሩ «ዕዳ ቀርቶበታል» ወይም «ተላልፏል» ያለው ሰው ቁጥሩ ለወሰኑ የቀረበ እንደ ሆነ፣ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት የሚዛኑ ደረሰኝ በሰው እጅ ይመርመር። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ለድንበሩ የሚቀርቡት ጥቂቶች ናቸውና።

ስለ እርሻ ድንበር ክርክር ሲነሣ አስተዋይ ዳኛ ከቦታው ሄዶ ድንጋዩን በዓይኑ ያያል እንጂ በሩቅ ተቀምጦ አይፈርድም። የቁጥርም ድንበር እንዲሁ ነው። ደንቡን የሚጽፈው ጸሐፊ፣ ደንቡን የሚፈጽመው መኪና ሲሆን፣ ድንበሩን የሚተክለውና ስለ እርሱ መልስ የሚሰጠው ግን ሹሙ ነው።